ውሻው የግል፣ ጣጣው የመንደር

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ። ገርጂም ይሁን ለቡ፣ ኮልፌም ይሁን አያት፣ የአዲስ አበባ ሰፈር በዚህ ሰዓት የሚያሰማው ድምፅ ያው ነው። ቅዳሴው፣ አዛኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ታክሲዎች፤ ከዚያ ደግሞ አንድ የብረት በር ሲጢጥ ብሎ ይከፈታል። የተከፈተው ለሰው አይደለም። ውሻ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ውሻው ተመልሶ በሩን ይቧጭራል፤ ይከፈትለታል፤ ይገባል። ግቢው እንደጸዳ ነው። የጎረቤት አጥር ሥር፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚያልፉበት ኮብልስቶን ላይ ግን አንድ ነገር ቀርቷል።

ይህን ጥፋት ብሎ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። እንዲያውም ባለቤቱ «የእኔ ውሻ ግቢ ውስጥ አይጸዳዳም» የሚለው በኩራት ነው፤ እንዳሠለጠነው ይቆጥረዋል። አንድ የጎረቤት ልጅ ደፍሮ «እትዬ፣ ውሻዎ ሁልጊዜ ደጃችን ላይ ነው እኮ የሚያደርገው» ቢል የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፦ «ታዲያ ውሻ አይደል እንዴ ልጄ፣ ሽንት ቤት ግባ ልበለው?» ይሳቃል፤ ነገሩም በዚያው ያልፋል።

ውሻው ቢጠፋ ባለቤት አለው። ቢሰርቁት ክስ አለ። ሌባ ቢይዝ ምስጋናው የባለቤቱ ነው። ቡችላ ብትወልድ ሽያጩ የባለቤቱ ነው። ከውሻ የሚገኘው ነገር ሁሉ ባለቤት ሲኖረው አንዱ ብቻ የመንደር፣ የመንግሥትና የዝናብ ሆኖ ቀርቷል። እሱም ለባለቤቱ ሊመለስለት ይገባል። ነገሩ የሽታና የጫማ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አያነጋግርም ነበር።

ኢትዮጵያዊ ከእንስሳ በሚወጣ ነገር እምብዛም አይጸየፍም። ለእያንዳንዱ ስም አውጥቶለታል። የከብቱ እበት ነው፣ ሲደርቅ ኩበት፤ የፈረሱና የአህያው ፋንድያ፤ የበጉና የፍየሉ በጠጥ፤ የዶሮው ኩስ። በእበት አውድማ ይለቀለቃል፣ ግድግዳ ይለሰናል። ኩበት እንጀራ ይጋግራል፤ ገበያ ወጥቶም ቤተሰብ ያኖራል። የዶሮ ኩስ ለጓሮ ጎመን ነው። የውሻው ግን የራሱ የወግ ስም እንኳ የለውም። ያለውም ስም ስድብ ስለሆነ በትልቅ ሰው ፊት አይጠራም፤ ጨዋ ሰው ሲቸገር ለሰው የሚለውን «ዓይነ ምድር» ተውሶ ይጠራዋል። ብድሩ ሳይታሰብ የገባ ቢሆንም ልክ ነው። በሬ ሣር ይበላል። ውሻ ሥጋና ከማዕድ የተረፈ ይበላል፣ ማለትም የሰውን ምግብ ይበላል፤ የሚያወጣውም ከበሬው ይልቅ ለሰው የቀረበ ነው። «ተወው፣ አፈር ይሆናል፣ ማዳበሪያ ነው» የሚለው መልስ የመጣው ከከብቱ ልምድ ነው። የራሱን ሽንት ቤት ጠርጎ ጎመን ሥር የሚያፈስስ ሰው የለም።

ማዳበሪያነቱንም ቢሆን የለካው ሰው አለ። የቤልጂየም ተመራማሪዎች በጌንት ከተማ አቅራቢያ ሰዎች ውሾቻቸውን የሚያንሸራሽሩባቸውን የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች ተከታትለው በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ ውሾቹ በዓመት በእያንዳንዱ ሄክታር ላይ 11 ኪሎ ያህል ናይትሮጅንና 5 ኪሎ ያህል ፎስፈረስ እንደሚጥሉ ገምተዋል። ይህ ለስንዴ ማሳ ደስታ ሊሆን ይችላል። ያለ ማዳበሪያ መኖር የለመዱ የዱር አበቦችን ግን በሣርና በሳማ ያስውጣል። ባለቤቶች ሁሉ ቢያነሡ ፎስፈረሱ ከሞላ ጎደል በሙሉ ይቀር እንደነበርም አስልተዋል።

ዋናው ጉዳይ ግን ትሉ ነው።

ጥሬ ሥጋ ለሚወድ አገር ኮሶን ማስረዳት አያስፈልግም። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ይወጣል፤ እንቁላሉ ሣር ላይ ይቀራል፤ በሬው ሣሩን ይግጣል፤ ትሉ በበሬው ሥጋ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰው ያን ሥጋ ጥሬውን ይበላል፤ ዙሩ ይገጥማል። የኮሶ ዛፍ አበባ ለዘመናት ሲጠጣ የኖረው ለዚሁ ነው። ውሻም የራሱ ኮሶ አለው፤ ሳይንሱ ኤኪኖኮከስ ይለዋል። ትሉ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በአንድ ውሻ አንጀት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ውሻው ግን አይከሳም፣ አያስልም፣ ጭራውን እየቆላ ይኖራል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ በዓይን አይታይም። በግ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል፤ በበጉ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። በዓል ሲመጣ በጉ ይታረዳል፤ ሳንባው ለውሻ ይወረወራል፤ ዙሩ እንደገና ይጀምራል።

በዚህ ዙር ውስጥ ሰው የሚገባው በበላተኛው ቦታ አይደለም። በበጉ ቦታ ነው። እንቁላሉ በእጅ፣ በውሃ፣ በደንብ ባልታጠበ ሰላጣ፣ ወይም የውሻውን ፀጉር ደባብሶ እንጀራ በቆረሰ ጣት ወደ አፍ ይገባል። ከዚያ በአብዛኛው ጉበት ላይ፣ አንዳንዴም ሳንባ ላይ ያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ማደግ ይጀምራል፤ ሐኪሞች ሃይዳቲድ ሲስት የሚሉት ነው። አይቸኩልም። ዓመታት ሊወስድበት ይችላል፤ ሰውየው አንዳች ሳይሰማው ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ሲሰማው ከረጢቱ የብርቱካን ወይም ከዚያ የሚበልጥ መጠን ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ለወራት የሚዋጥ አልቤንዳዞል ወይም ቀዶ ጥገና፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱም ነው። ሆድ ውስጥ ከፈነዳ ሊገድል የሚችል ድንጋጤ ያመጣል፤ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ራሶችም ተበትነው ሌላ ከረጢት ይፈጥራሉ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በደቡብ ኦሞ በሐመር፣ በዳሰነችና በኛንጋቶም አርብቶ አደሮች መካከል በሽታው ከተመዘገበ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ከድንበሩ ማዶ ያሉት የኬንያ ቱርካናዎች በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ክፉኛ ከተጠቁት ሕዝቦች መካከል ናቸው። በደጋውም ቢሆን በአገሪቱ ቄራዎች ጉበትና ሳንባ በዚሁ ከረጢት ምክንያት ተቆርጦ መጣሉ የተለመደ ሥራ ነው። ቄራ ውስጥ የሚያየው ባለሙያ አለ። በየግቢው የሚታረደውን በግ ግን የሚያየው አራጁ ብቻ ነው፤ እሱም «ውሃ ይዟል» ብሎ ለውሻው ይጥለዋል።

ሁለተኛው የውሻ ወስፋት ነው፤ ቶክሶካራ ይባላል። ቡችሎች ገና በእናታቸው ማህፀን ሳሉ ይይዙታል። በሰው ሆድ ውስጥ አያድግም፤ እጩ በሰውነት ውስጥ መንገድ እንደጠፋው መንገደኛ ይዞራል፤ ጉበት ይገባል፣ ሳንባ ይገባል፤ አንዳንዴ ዓይን ውስጥ ይደርስና የአንድን ዓይን ብርሃን ይወስዳል። ብዙ ጊዜ የሚጠቁት አፈር የሚጫወቱ፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ የሚበሉ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ወስፋት አንድ ነገር ማወቅ የጥዋቱን ልማድ ሁሉ ይገለብጠዋል። እንቁላሉ ከውሻው ሲወጣ ገና አይበክልም። አፈር ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት መቆየት አለበት። ከዚያ በኋላ ግን በእርጥብ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ሰው የሚጸየፈው፣ ዘልሎ የሚያልፈው፣ ልጁን «ተጠንቀቅ!» የሚልበት ትኩሱን ነው። ከደረቀ፣ ከተፈረፈረ፣ ዝናብ ካጠበው በኋላ «ጠፋ» ይባላል፤ ልጆችም ብይ ይጫወቱበታል። ለወስፋቱ ግን ሥራው የሚጀምረው ያኔ ነው። በተጣለበት ዕለት የተነሣ ለማንም አልተላለፈም ማለት ነው። የውሻው ኮሶ እንዲህ አይታገሥም፤ እንቁላሉ ከወጣባት ደቂቃ ጀምሮ ዝግጁ ነው። ስለዚህ ያነሣ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠባል።

ውሻ ሲባል አገሩ የሚፈራው የእብድ ውሻ በሽታን ነው፤ መፍራቱም ይገባል። ያ በሽታ ግን የሚተላለፈው በምራቅ ነው፣ በንክሻ። የፊቱ ጥርስ በጣም አስፈርቶ የኋላውን አስረስቷል።

ጣጣው ማን ላይ እንደሚወድቅ ለማየት ከበሩ መከፈት በኋላ አንድ ሰዓት መቆየት ይበቃል። መንገድ ጠራጊዋ ትመጣለች፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍናለች፤ እጀታው ረጅም መጥረጊያ ይዛለች። ደረቁን ትጠርገዋለች፣ አቧራ ሆኖ ይነሣል። እርጥቡ መጥረጊያው ላይ ይጣበቃል፤ መጥረጊያውን በእጇ ታራግፋለች። የማንን ውሻ እንደምታገለግል አታውቅም። ውሻው ከሚበላው ሥጋ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ቤቷ ላይገባ ይችላል።

ያልተጠረገው ደግሞ ክረምት ይወስደዋል። ዝናብ አጠበው ማለት ወደ ቦይ ወሰደው ማለት ነው፤ ቦዩ ወደ ወንዝ፣ ወንዙ ወደ አቃቂ። በአቃቂ ወንዞች ዳር በወንዙ ውሃ ቆስጣ፣ ጎመንና ሰላጣ እንደሚለማ፣ ያም አትክልት ተመልሶ ለከተማው ገበያ እንደሚቀርብ ማንም ያውቃል። በወንዙ ውስጥ ከውሻው የባሰ ብዙ ቆሻሻ አለ፤ ፋብሪካውም ሽንት ቤቱም እዚያው ይለቀቃል። ይህ ግን የውሻውን ድርሻ የሰላጣ በላተኛው ዕዳ አያደርገውም።

ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችን ሲዘረጋ አንድ አዲስ ልማድ ይዞ መጣ፤ ውሻ ማንሸራሸር። ድሮ የአዲስ አበባ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል፤ ሥራው መጮህ ነው። አሁን አመሻሽ ላይ በአበባው መሀል ጀርመን ሼፐርድ በገመድ ይዞ የሚሄድ ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም። ደስ የሚል ነገር ነው። ውሻው ታስሮ ከሚያብድ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ሰውየውም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ ግን ገመዱን የያዘው ባለቤቱ አይደለም፤ ዘበኛው ነው። «አንሸራሽረው» ተብሏል። አካፋ አልተሰጠውም፣ ወረቀት አልተሰጠውም፣ አንሣ አልተባለም። ውሻው ሣሩ ላይ ሲቀመጥ ዘበኛው ወደ ሌላ ያያል። ነውሩ የማን እንደሆነ ግን አያሻማም፤ የላከው ሰው ነው።

ባለቤቱ ላለማንሣቱ ገንዘብ አውጥቶ መፍትሔ የፈለገ ከተማ ነበር። ፓሪስ ዣክ ሺራክ ከንቲባ በነበሩበት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የውሻ ዓይነ ምድር የሚመጥጡ ልዩ ሞተር ሳይክሎች አሠማራች። አረንጓዴ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ እየዞረ ይመጥጣል፤ ባለቤቱ ከውሻው ጋር መንገዱን ይቀጥላል። ሕዝቡ ስም አውጥቶ ሳቀባቸው። ወጪው ከባድ ነበር፤ የሚያነሡትም ከሚጣለው ጥቂቱን ብቻ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከተማዋ ሞተሮቹን ትታ ቅጣቱን ወደ ባለቤቱ አዞረች። ኒውዮርክ ደግሞ ገና በ1978 ሕግ አውጥታ ባለቤቱ ራሱ እንዲያነሣ አዝዛ ነበር። ያኔ ማን ይፈጽመዋል ተብሎ ተቀልዶበታል፤ ዛሬ እዚያ ሳያነሣ የሚሄድን ሰው ፖሊስ ሳይደርስ አላፊ አግዳሚው ይጮህበታል።

ከአገር ቤት አሜሪካ የገባ ሰው ለቤተሰብ ከሚያወራቸው የመጀመሪያ ቀልዶች አንዱ ይኸው ነው፦ ፈረንጅ ከውሻው ኋላ ፌስታል ይዞ ሲሄድ፣ ጎንበስ ብሎ ሲያነሣ፤ ጌታው ማን ነው ሎሌው ማን ነው እየተባለ ይሳቃል። ያው ሰው ከዓመታት በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ውሻ ይገዛና ሳያቅማማ ጎንበስ ይላል። ለዕረፍት አዲስ አበባ ሲመጣ ደግሞ የእናቱን ቤት በር ከፍቶ ውሻውን ይለቃል። እጁ ለመደ እንጂ ምክንያቱ አልገባውም ነበር ማለት ነው።

ምክንያቱ የገባው ሕዝብ ምን እንደሚሠራ ያሳየችው አይስላንድ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያቺ የበግና የውሻ አገር በዚሁ ከረጢት በሽታ ተጨንቃ ነበር። በ1863 ሃራልድ ክራበ የተባለ የዴንማርክ ተመራማሪ ተልኮ መጣ፤ የአገሩን ውሾች አንጀት እየከፈተ ሲመረምር ከሩብ በሚበልጡት ላይ ትሉን አገኘ። ከዚያ መድኃኒት ይዞ አልዞረም፤ የዘመኑ መድኃኒትም ያን ያህል አልነበረም። ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት መጽሐፏ በነፃ ለየቤቱ ታደለች። አይስላንዳውያን ማንበብ ያውቁ ነበር፤ የክረምታቸው ሌሊትም ረጅም ነው፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ ጮክ ብሎ ያነብባል። የተጻፈው ነገር ቀላል ነበር፤ ከረጢት ያለበትን የበግ ሆድ ዕቃ ለውሻ አትስጡ፣ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፤ ውሻው ከልጆችና ከዕቃ ይራቅ። ሕጉ የመጣው በኋላ ነው። ከዚያ ትውልድ በኋላ የተወለዱት ላይ በሽታው እየቀነሰ ሄዶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከደሴቲቱ ጠፋ። ሬይኪያቪክ አላምን ብላ በ1924 ውሻ ማሳደግን ጨርሳ ከለከለች፤ እገዳው እስከ 1984 ቆየ። ያ እንኳ ከልክ ያለፈ ነው።

ከአይስላንድ ታሪክ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። እዚያ ዋናውን ሥራ የሠራው ከመንገድ ማንሣቱ አይደለም፤ ውሻው የሚበላውን መቆጣጠሩ ነው። ስለዚህ ከኋላው የሚወጣውን ብቻ የሚያነሣና በአፉ ጥሬ ሳንባ የሚያስገባ ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው። ጉዳዩ አንድ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ መያዝ አለበት።

መቃወሚያ አይጠፋም። ትልቁ «ሰው ራሱ መጸዳጃ አጥቶ አጥር ሥር በሚቆምበት ከተማ የውሻ ወግ ማን ጠየቀ?» የሚለው ነው። ከባድ ጥያቄ ነው፤ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። የሕዝብ መጸዳጃ ግን መሬት፣ ውሃ፣ በጀትና ዓመታት ይፈልጋል። ውሻ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግቢ አለው፣ ግቢ ያለው ሽንት ቤት አለው፤ የሚጎድለው አንድ አካፋ ነው። አጥር ሥር የሚቆመው ሰው ምርጫ ስላጣ ነው። በሩን የሚከፍተው ሰው ምርጫ አለው።

ሌላው «መንገዱ ባለቤት በሌላቸው ውሾች ተሞልቶ የእኔ አንዱ ምን ይለውጣል?» ይላል። መንገድ ላይ ከሚታዩት ውሾች ብዙዎቹ ግን ባለቤት የሌላቸው አይደሉም። በጥዋት የተከፈተላቸው ናቸው። ማታ የሚገቡበት ቤት፣ ፍርፋሪ የሚጥልላቸው እጅ አላቸው። በሮቹ ቢዘጉ ባለቤት አልባ የሚባለው መንጋ ስንት እንደሚሆን ያን ጊዜ ይታያል።

ቅጣት ይውጣ የሚሉም አሉ፤ ደንብ አስከባሪ በየጥጉ ቆሟል ተብሎ። በዚህ ጉዳይ ግን ከደንብ አስከባሪው ይልቅ እድሩና የጋራ መኖሪያ ቤቱ ኮሚቴ ይቀርባሉ። ለጥበቃና ለቆሻሻ የሚያዋጡት እነሱ ናቸው፤ የማን ውሻ የት እንደሚያደርግ የሚያውቁትም እነሱ ናቸው። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ልጆች የሚጫወቱበት ሣርና ውሾች የሚለቀቁበት ሣር አንድ ነው። አንድ አካፋ ከጥበቃው ቤት አጠገብ ማቆም፣ ከግቢው ጥግ አንድ ክዳን ያለው ጉድጓድ ማዘጋጀት፣ «ውሻ ያለው ያንሣ» ብሎ በስብሰባ መወሰን ለአንድ እሑድ የሚበቃ አጀንዳ ነው።

አነሣሡ ውስብስብ አይደለም። ፈረንጁ የሚይዘው ፌስታል ነው፤ እዚህ ግን ፌስታሉም ራሱ ጣጣ ነው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከልክሎታል። አሮጌ ጋዜጣ፣ የስኳር ወረቀት፣ የካኪ ፖስታ ይበቃል። በወረቀት ይዞ ወደ ቤት መመለስና ወረቀቱን ለይቶ ዓይነ ምድሩን ሽንት ቤት መጨመር ከሁሉም ይሻላል። በማዳበሪያ ከረጢት ከቤት ቆሻሻ ጋር አድርጎ ለማኅበራቱ ልጆች መስጠት ጥሩ አይደለም፤ ቆሻሻውን በእጃቸው ስለሚለዩ ጣጣው ከጠራጊዋ ወደ እነሱ ዞረ ማለት ነው። ጉድጓድ የሚቆፍር ጉልበት ድረስ ይቆፍር፤ ከውሃ ጉድጓድና ከጓሮ አትክልት ያርቀው። እንግሊዝ አገር ብዙዎች በፌስታል አንሥተው ፌስታሉን ዛፍ ላይ አንጠልጥለው ይሄዳሉ፤ ሳያነሣ ከሄደው የባሰ ሥራ ነው፤ አፈር ሊሆን የሚችለውንም ለዓመታት አሽጎ ያቆየዋል።

ቅዳሜና እሑድ ውሻቸውን መኪና ላይ ጭነው ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ሰንዳፋ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ዙሪያ የሚወጡ ሰዎች እየበዙ ነው። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሰው የለም፣ ውሻው ይሮጣል፤ እዚያ ማን ያነሣል? ያ ሜዳ ግን ሜዳ ብቻ አይደለም። የአንድ ገበሬ ግጦሽ ነው። ለበግ ከከተማው አስፋልት ይልቅ አደገኛው እዚያ የተጣለው ነው፤ ምክንያቱም በግ አስፋልት አይግጥም። የከተማው ሰው ውሻው የጣለውን ቀብሮ ወይም ይዞ ካልተመለሰ፣ ገበሬው ለበዓል ሲሸጥለት የሚመጣው በግ ሳንባ ላይ ያገኘዋል። ወደ ባሌ ወይም ወደ ስሜን ተራራ የሚሄድ ደግሞ ውሻውን ቤት ይተው። ቀይ ቀበሮዎች ከቤት ውሾች በሚመጣ በሽታ ስንት ጊዜ እንደረገፉ ባሌን የሚያውቅ ያውቃል።

የትል መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ መጠኑንና በየስንት ጊዜው እንደሚሰጥ የእንስሳት ሐኪም ይናገራል። አንድ ነገር ብቻ ብዙዎች አያውቁትም፤ መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ውሻው ከዋጠ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት የሚጥለው ከወትሮው የበለጠ በእንቁላል የተሞላ ነው። በእነዚያ ቀናት ውሻው ታስሮ ይቆይ፤ የጣለው ሁሉ ይቀበር። «መድኃኒት ሰጠሁት» ብሎ በማግስቱ በሩን የሚከፍት ሰው በተሳሳተው ቀን ነው የከፈተው።

የበዓል ቀን ደግሞ ጉድጓዱ ቢላው ከመሳሉ በፊት ይቆፈር። በጉ ሲገፈፍ ጉበትና ሳንባው ይገላበጥ፤ ውሃ የቋጠረ ነገር ካለበት ሳይፈነዳ ጉድጓድ ይግባና አፈር ይመለስበት፣ ውሻ እንዳይጭረው ድንጋይ ይጫንበት። ንጹሕ የሚመስለውም ሳንባ ጥሬውን አይጣል፤ ግማሽ ሰዓት ይቀቀል። ውሻው በሩ ሥር ቆሞ ይጠብቃል።